መጋቢት 11 ይከበር ወይስ ይቅር?

በየዓመቱ መጋቢት 11 ቀን የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቀን በብዙ አገሮች ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው የተናጋሪ አገሮቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1970 በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ የተመሠረተበት ስለሆነ ነው። በዓሉ ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦ በዓሉን የፓሪስ ድግስ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ጠንሳሾቹን የዘነጉ ይመስለኛል። ሐሳቡን ያነሡት ፕሬዚዳንቶቹ የሴኔጋሉ ሴንጎር፣ የቱኒዚያው ቡርጊባና የኒጀሩ ሐማኒ ዲዮሪ ሲሆኑ፣ ፈረንሳይ ራሷ መጀመሪያ ላይ ስታመነታ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ተናጋሪው 321 ሚሊዮን ደርሷል፤ የኮንጎዋ ዋና ከተማ ኪንሻሳም በነዋሪ ብዛት ፓሪስን በልጣለች። ከኮት ዲቯሯ ከተማ ከአቢጃን ጎዳና የበቀሉ ቃላት ዛሬ ፓሪስ በሚታተሙ መዝገበ ቃላት ገብተዋል። ቋንቋው የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ይመስክር?

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ ጎዳናውን አሳይተውን የትምህርት ቤቱን ደጅ ዝም ብለው አለፉት። በቅኝ አገዛዝ ዘመን በክፍል ውስጥ የእናቱን ቋንቋ የተናገረ ሕፃን አንገቱ ላይ የማፈሪያ ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር፤ ከአንገቱ የሚወርድለትም ሌላ ልጅ እንደ እሱ ሲናገር ይዞ ሲያጋልጥ ነበር። (በፈረንሳይ ምድር የራሳቸውን ብሬቶን ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችም ይህ ደርሶባቸዋል።) ቅጣቱ ቀርቷል፤ ይሁን እንጂ በቤቱ የሴኔጋሉን ዎሎፍ ወይም የማሊውን ባምባራ ሲናገር ያደገ ልጅ ዛሬም በብዙ ቦታ ፊደል የሚቆጥረው በማያውቀው ቋንቋ ነው። ማሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይኛን ከኦፊሴላዊ ቋንቋነት አወረደች፤ በ2025 ደግሞ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በዓሉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከማኅበሩ ወጡ። ማኅበሩ የተወለደባት ኒያሜ ናት እንግዲህ ጥላው የሄደችው።

ደጋፊ፦ ሦስቱንም የሚገዙት በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ ወታደሮች ናቸው፤ ጠባቸውም ከፓሪስ መንግሥት ጋር እንጂ ከቋንቋው ጋር አይደለም። መውጣታቸውን ያሳወቁት በምን ቋንቋ ነበር? በፈረንሳይኛ። አልጄሪያም የማኅበሩ አባል ሆና አታውቅም፤ ሕዝቧ ግን ይናገረዋል። ወደ እኛ ከመጣንም ፈረንሳይ አልገዛችንም፤ ቢሆንም ባቡር ጣቢያችንን ከፈረንሳይኛው ቃል ወስደን ለገሃር ብለነዋል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ቋንቋውን በልጅነታቸው ሐረር ተምረውታል። ማን አስገደደን?

ተቃዋሚ፦ ለገሃርን ማንሣትዎ እኔን ነው የሚረዳኝ። ቃሉን በአፋችን ልክ አድርገን የወሰድነው ፍርድ ቤታችንም አዋጃችንም በራሳችን ቋንቋ ሆኖ ሳለ ነው። ዎሎፍ ይህ ዕድል አልተሰጠውም። የሴኔጋሏ ዋና ከተማ የዳካር ልጅ መጀመሪያ በዎሎፍ ማንበብ ይልመድ፣ ፈረንሳይኛው በሁለተኛነት ይከተል፤ ያኔ በበዓሉ ላይ ቅር አይለኝም።

ደጋፊ፦ በትምህርቱ ቅደም ተከተል አልከራከርዎትም። እስከዚያ ግን የዳካሩ ልጅ ከማዳጋስካሩ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ ማክበር ለምን ይቆይ?

ተቃዋሚ፦ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ከዚያ በላይ ቆይቷልና።