የልደት ግብዣ ነው እኮ ሰር

ይህን የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ከፍሪዘር የወጣ የአተር ከረጢት ጭኜ ነው። ቤት በረዶ የለም። ባለቤቴ አተሩን ሶፋው ላይ ወርውራልኝ ገባች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ልጄም ክፍሏን ዘግታለች። እንግዲህ የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስሙኝ።

ያንን ኒንጃ ጂም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለልጅ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ካልሲ ደግሞ ለብቻው የሚሸጡላችሁ ቦታ። የካልሲውን ነገር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ቤቴ ውስጥ ሶሉ ላይ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ፤ በሄድን ቁጥር ግን "ይሄ የኛ አይደለም" ይሉኛል።

ዛሬ ልደት ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም። አባትየው እዚህ ግሩፓችን ውስጥ አለ፣ ያነባል። አንተ፣ አልተቀየምኩህም። ትንሽ ብቻ።

አስራ አንድ ልጅ ነው የሮጠው። ኮርሱን ታውቁታላችሁ፤ ዘመም ዘመም ያሉት መረገጫዎች፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ የተንጠለጠሉት ቀለበቶች፣ መጨረሻ ላይ ጎባጣው ግድግዳ። ከስር ስፖንጅ የሞላ ጉድጓድ። ልጄ አንዴም አልወደቀችም። ከአስራ አንዱ ሳይወድቅ የጨረሰ እሷ ብቻ ናት። ቀለበቶቹ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፣ ሦስተኛውን ቀለበት ዓይኗን አጥብባ አየችው፣ ከዚያ ሄደች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከመወሰኔ በፊት እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

ከሷ በኋላ አንድ ልጅ መጣ። ሁለቴ ስፖንጅ ውስጥ ገባ። አንድ ካልሲውን እዚያው ጥሎ ወጣ። እየተንደረደረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሰዓቱን የሚያቆመውን ባዘር መታ። በሦስት ሰከንድ ቀደማት። ቲሸርቱ ለሱ። ለልጄ እንደማንኛውም ልጅ የፕላስቲክ አምባር።

ደሜ ፈላ። ሰዓት ወደሚይዘው ልጅ ሄድኩ። አስራ ሰባት ቢሆነው ነው። ማስቲካ ያኝካል።

"ይቅርታ፣ ያ ልጅ ሁለቴ ወድቋል" አልኩት።

"አዎ፣ አይቻለሁ" አለኝ።

"የኔ ልጅ ግን አልወደቀችም።"

"ጎበዝ ናት።"

"ታዲያ ቲሸርቱስ?"

"ቲሸርቱ ለፈጣኑ ነው።"

"በቴሌቪዥን እኮ የወደቀ ይወጣል!"

ማኘኩን አቆመ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ኢትስ ኤ በርዝደይ ፓርቲ፣ ሰር" አለኝ።

ሰር! እዚህ አገር "ሰር" ሲሉህ አክብረውህ እንዳይመስልህ። "ሰር" ማለት "ሴኪዩሪቲ ልጥራ ወይስ በሰላም ትሄዳለህ" ማለት ነው።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጉልበቴ ደህና ነበር። ዝም አልልም። "ጄፍ ብሪተንን ታውቀዋለህ?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "እዚህ ነው የሚሠራው?" አለኝ።

ወይ ጉድ! ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኒንጃ ጂም ውስጥ፣ ደሞዝ እየተከፈለው፣ ጄፍ ብሪተንን የማያውቅ ሰው!

ታሪኩን ስንቴ ነግሬያችኋለሁ፣ ዛሬም እደግመዋለሁ። አሜሪካን ኒንጃ ዋሪየር የሚባለው የቴሌቪዥን የመሰናክል ውድድር በ2009 ከተጀመረ ስድስት ሲዝን ሙሉ የመጨረሻውን ገመድ የወጣ ሰው አልነበረም። በሰባተኛው፣ በ2015፣ ላስ ቬጋስ ላይ ሁለት ሰዎች ገመዱ ስር ደረሱ። 75 ጫማ ነው፣ ወደ 23 ሜትር። የተሰጠህ ጊዜ 30 ሰከንድ። ቀድሞ የወጣው ብሪተን ነው፣ የኛው የሜሪላንድ ሰው። ሥራው ካሜራማን ነው፣ ስፖርት የሚቀርጽ። በ29.65 ሰከንድ ጫፍ ደረሰ። የቀረው 0.35 ነበር። በአሜሪካው ውድድር ሁሉንም የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው! በዚያ ሲዝን የሮጠባቸውን ስድስቱንም ኮርሶች ባዘር መትቷል። ስድስቱንም!

ከዚያ አይዛክ ካልዲዬሮ ወጣ። 26.14።

ሚሊዮን ዶላሩ ለካልዲዬሮ። ለብሪተን ባዶ። የታክሲ እንኳ አልሰጡትም። በ3.51 ሰከንድ! እኔ የጫማዬን ክር ለማግኘት ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።

ካልዲዬሮ ላይ ክፋት የለኝም። ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ሲያነሳ የነበረ፣ መኪና ውስጥ እየኖረ ድንጋይ ሲወጣ የነበረ ሰው ነው። ሳህን ማንሳትን ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ስላገኘ ደስ ብሎኛል። ግን ያኛውስ? ቀድሞ የወጣው፣ ይቻላል ብሎ ያሳየው? በ2015 ያ ፕሮግራም ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ሳሎን ውስጥ ስዞር ባለቤቴ "ያንተ ገንዘብ ነው እንዴ?" ብላኛለች። የኔ አይደለም። ግን አንጀቴ አረረ።

ሩጫ ቢሆን እሺ። ሩጫ የሰዓት ነገር ነው። ቀነኒሳ በ2004 ሄንጌሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:37.35 ሮጠ። 16 ዓመት ቆየ። በ2020 ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ ሞናኮ ላይ ሲሰብረው ከፋን እንጂ ተበደልን አላልንም። ያው ትራክ ነው፣ ያው አስራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ቀነኒሳ ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን የሮጠበት 26:17.53ም በዚያው በ2020 ሄደ። ያፈጥናል የሚባለውን አዲሱን ጫማ አናንሳው። የጫማውን ነገር ካነሳሁ ዛሬ አልተኛም።

የመሰናክል ሪከርድ ግን ሌላ ጉድ ነው። ሰው ሲያሸንፋቸው ኮርሱን ያፈርሱታላ! የዚህ ሁሉ አባት የጃፓኑ የቴሌቪዥን ውድድር ሳስኬ ነው፣ ከ1997 ጀምሮ አለ። 100 ሰው ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርስ የለም። መጀመሪያ የጨረሰው አኪያማ ካዙሂኮ ነው፣ በ1999፣ በ4ኛው ውድድር። ሸርጣን አጥማጅ ነበር። ዓይኑ በቅጡ አያይም። ሰውዬው ጨረሰ፣ ተጨበጨበ፣ በቀጣዩ ውድድር ምን አደረጉ? ጎባጣውን ግድግዳ አምጥተው ተከሉ። አያችሁ? እኔ ዛሬ አተር ታቅፌ የተቀመጥኩት ጃፓን ውስጥ አንድ ሸርጣን አጥማጅ ስላሸነፈ ነው።

ከአኪያማ በኋላ ሰባት ዓመት ማንም አልጨረሰም። በ2006 ናጋኖ ማኮቶ መጣ። እሱም ዓሣ አጥማጅ። እሱ ሲጨርስ እንደገና አፈረሱት። ከዚያ ኡሩሺሃራ የሚባለው ጫማ ሻጭ በ2010 እና በ2011 ሁለቴ ጨረሰ። አሁንም አፈረሱት። እና የአኪያማን ሪከርድ ከማን ጋር ታወዳድረዋለህ? የፈረሰ ሰፈር ልጅ ነኝ እንደማለት ነው። ልጅነቱ አለ፣ ሰፈሩ የለም።

ያማዳ ካትሱሚንማ ሳስበው አልችልም። በ3ኛው ውድድር የመጨረሻው ገመድ ላይ ሳለ ሰዓቱ አለቀበት። ስንት ዓመት ተመላለሰ፣ ተመልሶ እዚያ ሳይደርስ ቀረ። አንድ ጊዜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሱን ቪዲዮ እያየሁ ባለቤቴ ስልኬን ቀማችኝ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ጂሙ ጋ።

መግቢያው ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ፣ "የልጆች ሪከርድ" ይላል። የአንድ ልጅ ስም፣ ሰዓቱ፣ 2018። በ2018 የሮጠ ልጅ ዛሬ ጺም አውጥቷል! ቀለበቶቹን ደግሞ አያቸዋለሁ፣ አዲስ ናቸው፣ ቀለማቸው ገና አልተላጠም። ባለማስቲካውን ጠየቅሁት።

"ይሄ ሪከርድ በዚህ ኮርስ ላይ ነው?"

"አይ፣ በፊት በነበረው።"

"ታዲያ ለምን አታጠፉትም?"

"ማርከሩ አይለቅም።"

ማርከሩ አይለቅም! ስንት ልጅ ያንን ስም አይቶ አልችልም ብሎ ሄዷል መሰላችሁ? ማርከሩ ስለማይለቅ!

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የተሳሳትኩት። ትልቁን ግድግዳ አየሁት። 14 ጫማ ይላል፣ ከአራት ሜትር በላይ። የአሜሪካን ኒንጃ ዋሪየሯ ተወዳዳሪ ኬሲ ካታንዛሮ ትዝ አለችኝ። ልጄ በሷ ምክንያት ነው ኒንጃ ኒንጃ ያለችው። ቁመቷ 5 ጫማ ብቻ ነው። በ2014 ዳላስ ላይ ይህን የመሰለውን ግድግዳ በማጣሪያው የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፣ ቀጥላ የከተማውን ፍጻሜ ኮርስ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት። እሷ በዚያ ቁመቷ ከወጣች እኔ በዚህ ቁመቴ ምን ይሳነኛል አልኩ። ሆዴን ረሳሁት። ጠዋት የበላሁትን ጨጨብሳ ረሳሁት።

ሮጥኩ። አራት እርምጃ ወጣሁ። ልክ ነው፣ አራት፣ ልጄ ቆጥራለች። አምስተኛው ላይ እግሬ አየር ረገጠ። የወረድኩት በደረቴ ነው። ሸሚዜ አንገቴ ጋ ተሰብስቦ ሆዴ ለሕዝብ ታየ። ድምፁንማ ተዉት፣ እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲጎተት እንደሚያወጣው ያለ ድምፅ ነው። እናቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ነበር። ቪዲዮው ይኖራል። ከደረሳችሁ እንዳትልኩልኝ።

ባለማስቲካው መጣና በትሕትና "ሰር፣ የልጆቹ ግድግዳ በዚያ በኩል ነው" አለኝ።

ያ ቲሸርት የወሰደው ልጅ ደግሞ አጨበጨበልኝ። ሙድ ቢይዝብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልቡ ነው ያጨበጨበው። እሱ ነው የገደለኝ።

እኔ ድሮም እንዲህ ነው ዕድሌ። ስድስተኛ ክፍል ሆነን ስፖርት አስተማሪያችን ትምህርት ቤቱን ሦስት ዙር አስሮጡን፣ በባዶ እግር። ከኋላ የቁልቋል አጥር ነበር፣ ቀዳዳ ያለው። አንዱ በዚያ ሾለከ። አንደኛ ወጣ። ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለመ። ሄጄ ነገርኳቸው፦ "ቲቸር፣ እሱ እኮ በአጥሩ ሾልኮ ነው።" አዩኝ። "ታዲያ አንተ ለምን አልሾለክም?" አሉኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም።

ሥራ ቦታም ያው ነው። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማርኩት ልጅ በስድስት ወሩ ሱፐርቫይዘሬ ሆነ። "እሱ ፈጣን ነው" አሉኝ። እንዴት አይፈጥን? ስህተቱን ማታ ማታ እያመሸሁ የማስተካክለው እኔ ነኝ! እቁቡንም ታውቃላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ መጨረሻ ነው የሚወጣልኝ። ሰብሳቢው እዚህ አለ፣ እሱም ያንብብ።

አሁንማ በዚያው በአሜሪካው ውድድር ቫንስ ዎከር መጥቷል። በ2023 አንድ ሚሊዮን፣ በ2024 ሌላ ሚሊዮን፣ አከታትሎ። ሕፃን እያለ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት ተብሎ እግሩ በብረት ድጋፍ ታስሮ ነበር። እሱንም እወደዋለሁ። ካልዲዬሮንም እወደዋለሁ። የኔ ችግር ይሄ ነው፣ የምጠላው ሰው እንኳ የለኝም። ሰዓቱን ነው የምጠላው።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ መጀመሪያ ምንም አላለችም። መብራት ላይ ስንቆም "አንተ ሰውዬ፣ ከአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር!" አለች። በቃ፣ ይህችን ብቻ። ልጄ ከኋላ ሆና በመስኮት እያየች "ዳዲ፣ እኔ እኮ ቲሸርቱን አልፈለግኩትም ነበር" አለችኝ።

እኔ ግን ፈልጌው ነበር! እኔን ማን ጠየቀኝ?

አተሩ ቀልጧል። ሱሪዬ ርሷል። እራት የለም መሰለኝ፣ ጓዳ ውስጥ ድምፅ አልሰማም።

ቆይ፣ አሁን ይህን እየጻፍኩ ቴክስት ገባ። የልደቱ አባት ነው። "ወንድሜ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ያ ቲሸርት ለልጁ በጣም ሰፍቶታል፣ እናትየው ለልጅህ ይሁን ብላለች፣ ላምጣው?" ይላል።

አልመለስኩለትም። አላነበብኩትም ብሎ ያስብ።

እስቲ ግን ከናንተ የሚያውቅ ካለ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የአዋቂ ስሞል ይሆናል?