ሁለት ወርቅ ያለው የማይታወቅ ሰው

እዚህ ባርሴሎና ስለ ስፖርት እናውራ ካላችሁ ወሬው ኳስ ነው። የባርሳን ተቀያሪ በረኛ የጉልበት ሕመም ሳይቀር የሚተነትን ሰው፣ ኸርቫሲዮ ዴፈር ማን እንደሆነ ስትጠይቁት ትንሽ ያስባል። «አዎ፣ ያ ጂምናስቲከኛው» ይልና ወደ ኳሱ ይመለሳል።

ሰውዬው ግን ቀላል አይደለም። ከአርጀንቲና ከመጡ ወላጆች እዚሁ ከተማዋ አጠገብ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ገና በ19 ዓመቱ በዝላይ ወርቅ ወሰደ። በ2004 አቴንስ ላይ ደገመው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ በወለል ጂምናስቲክ ብር ጨመረ። ዝላይ ስል የርዝመት ዝላይ እንዳይመስላችሁ። 25 ሜትር ገደማ ተንደርድሮ፣ መሣሪያውን በእጁ ገፍቶ፣ አየር ላይ ተገለባብጦ በሁለት እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ሲያርፍ ትንሽ ከተንገዳገደ ነጥብ ይቆረጥበታል። በሁለቱ ወርቆች መሃል ደግሞ መሣሪያው ራሱ ተቀየረ። ጠባቡ «ፈረስ» ቀርቶ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ መጣ። እሱ በሁለቱም አሸነፈ።

ኃይሌ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው በዚያው ሲድኒ ነው። ያንን ሩጫ ያላየ ሐበሻ እንኳ እንዳየ አድርጎ ይተርከዋል! ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በኃይሌ ስም መንገድ አለ፣ ሆቴልም አለ።

ዴፈር ውድድር ካቆመ በኋላ ላ ሚና ገብቶ ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ላ ሚና በባርሴሎና ጠርዝ ላይ ያለ ስሙ የከፋ የድሃ ሰፈር ነው። ከባሕር ዳር ደሳሳ ጎጆዎች የተነሱ ሰዎች ፎቅ ላይ የሰፈሩበት ነው። ኮንዶሚኒየም በሉት። የታክሲ ሹፌር «እዚያ ምን ትሠራለህ?» ይላችኋል።

በ2022 ባወጣው መጽሐፍ መጠጥ ውስጥ እንዴት እንደሰጠመ ሳይደብቅ ተናገረ። እኔን የነካኝ ከሜዳልያው ይልቅ ይሄ ነው። የኛ ጀግና እንዲህ ቢል ምን ይውጠዋል? ቦሌ ወጥቶ የተቀበለው ሕዝብ በሳምንቱ ቲክቶክ ላይ ያላግጥበታል። ዘመዶቹም «ዝም በል፣ ስምህን አታጥፋ» ይሉታል። እዚህ ደግሞ የሚያላግጥበት ብዙ ሰው የለም፤ ድሮም ማን አስታወሰውና። ዝናው ከባድ ስላልነበረ ነው አፉን የከፈተው ልል ዳድቶኝ ነበር፤ ግን ድፍረቱን መንጠቅ ይሆንብኛል።

እኔ የቦሌውን ጭፈራ አልጠላም፤ ሁለት ወርቅ ይዞ በዝምታ ከመግባት ይሻላል። ግን አትሌቱ ጫማውን ሲሰቅል ፌዴሬሽኑ መኪናውን ብቻ ሸልሞ አይሸኘው። የሚያናግረው ባለሙያም ይመድብለት፤ ያውም ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ።