እርማት፦ የደረት ካሜራ የፖሊስን ዱላ ያስቆማል?
«ፖሊስ ደረቱ ላይ ካሜራ ካደረገ ከልክ ያለፈ ኃይል መጠቀም ያቆማል» የሚለው ብዙዎች የሚያምኑት ስሕተት ነው። በካሊፎርኒያ ሪያልቶ ከተማ የተደረገ ጥናት ቅናሽ ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዋሽንግተን ዲሲ ከ2,000 በላይ ፖሊሶች በዕጣ ተለይተው ሲጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት ካሜራ በያዙትና ባልያዙት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም።

ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ በፖሊስ ሲገደል እኮ ፖሊሶቹ ካሜራ ለብሰው ነበር! የመጀመሪያው የፖሊስ መግለጫ ስለ ጤና እክል እንጂ አንገቱ ላይ ስላረፈው የፖሊስ ጉልበት አንዳች አልተናገረም። እውነቱን ያወጣችው በስልኳ የቀረጸች መንገደኛ ወጣት ናት። የደረት ካሜራው ቅጂ ግን በራሱ በፖሊስ እጅ ነበር፤ ለሕዝብ የታየው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።