ውዳሴ ዘንጹሕ ግቢ

የበጋው ወራት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ፀሐይ በጊዜ መግባት ስትጀምርና የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲቃረብ፣ በየቤቱ የሚታየው ትጋት እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አግኝቷል ብዬ አላምንም። አንድ ጨዋ አባወራ በዚህ ወቅት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ያከናውናል፤ ቅዳሜ ግቢውን ነፍስ ካለው ነገር ሁሉ ያጸዳል፣ እሑድ ደግሞ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ጭኖ ነፍስ ያለው ነገር ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ሌሊት ብቻ ናት፤ በእርሷም ውስጥ እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ያደረ ሰው አልሰማሁም። እንዲህ ያለ የተረጋጋ ኅሊና ሊወደስ ይገባዋል፤ ሌላ የሚያወድሰው ስላጣሁ እኔው ጀመርኩት።

የዚህ ሥልጣኔ ፊታውራሪ ጎረቤቴ ናቸው። ቅዳሜ ማለዳ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ሳይረግፍ ተነሥተው፣ የእጅ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ የጦር አዝማች ሰልፉን እንደሚቃኝ ግቢያቸውን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኙ ከመስኮቴ ሆኜ በአድናቆት እመለከታቸዋለሁ። በአጥሩ ጥግ የበቀለው የሱፍ አበባ ፍሬው ጎምርቶ ራሱን ደፍቶ ስለነበር፣ ትንንሽ ወፎች ቁልቁል እየተንጠለጠሉ ፍሬውን አንድ በአንድ ይፈለፍሉና ገለባውን መሬት ላይ ይጥሉ ነበር። ገለባ! ያውም በተላጨ ሣር ላይ! ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ዝርክርክነት የሚታገሡ ሰው ስላልሆኑ አበባውን ከነአገዳው ቆርጠው ጣሉት። ከሰዓት በኋላ ግን ልባቸው ራራና አበባው ከነበረበት ቦታ ላይ እንጨት ተክለው፣ ቤት የሚመስል አረንጓዴ ፕላስቲክ ሰቅለው፣ ታሽጎ የተገዛ የሱፍ ፍሬ ሞሉበት። ወፎቹ አልመጡም። ከወፍ ውለታ ቢስነት የበለጠ የሚያሳዝን ነገር እንደሌለ በአጥር በኩል ሲነግሩኝ፣ እኔም ሐዘናቸውን ተካፍዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ቀጥሎ የመጣው የቅጠሉ ክምር ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የጎረቤቴ ጀግንነት በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። ጸጉራማዋና ወፍራሟ የዱር ንብ፣ ያቺ አበባ ላይ ስታርፍ አበባውን የምታጎብጠው፣ በበጋው ማብቂያ መንደሯ ይፈርሳል። አሮጊቷ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ወንዶቹ ብርዱ ሳይጠነክር አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ የሚተርፉት በቅርቡ የተወለዱት ወጣት ንግሥቶች ብቻ ናቸው። እያንዳንዷ ከተዳቀለች በኋላ ልል አፈር ውስጥ ወይም ከረገፈ ቅጠል ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፍራ ትገባና የብርዱን ወራት ብቻዋን ተኝታ ታሳልፋለች። የሚመጣው ዓመት መንደር በሙሉ በእርሷ ሆድ ውስጥ ተቋጥሮ ነው የሚያድረው። ይህን የሚያውቅ ሰው ያን ክምር ለመንካት እጁ ሊከብደው ይችል ይሆናል። ጎረቤቴ ግን ከእንዲህ ያለ ሸክም ነጻ ናቸው፤ ቅጠል የሚነፋውን ሞተራቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው፣ ክምሩን በአንድ ትንፋሽ በተኑት። አንዲት ንግሥት አቧራው ውስጥ በጀርባዋ ወድቃ ስድስት እግሮቿን ስታወራጭ አየሁ። መንግሥት ሲገለበጥ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ የወሰደውም ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው።

አረሙንና አባጨጓሬውን በፀረ ተባይ ማጥፋታቸውን በዝርዝር አልተርክም፤ ይህን የማያደርግ ጨዋ ሰው የለምና። የማደንቀው ግን አባጨጓሬን እየገደሉ ቢራቢሮን በፍጹም ልብ የመውደድ ችሎታቸውን ነው። የልጃቸው መኝታ ቤት ግድግዳ በቢራቢሮ ሥዕል ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹም ትልቋ በሰሜን አሜሪካ የምትኖረው ብርቱካንማዋ ሞናርክ ናት። በበጋው መጀመሪያ የሚወለዱት ሞናርኮች ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ኖረው ይሞታሉ፤ በበጋው ማብቂያ የሚወለዱት ግን ስምንትና ዘጠኝ ወር ድረስ የሚኖሩ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ይከርማሉ። የግድግዳዋ ቢራቢሮ ከዚህ ሁሉ ድካም ነጻ ናት፤ ቅጠል ሳትበላና የትም ሳትሄድ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተለጥፋ ትኖራለች።

እሑድ ነጋ። በጉርብትናዬ ከቤተሰቡ ጋር ሐይቅ ዳር እንድንሸራሸር ተጋብዤ ስለነበር በማለዳ ደጃፋቸው ላይ ተገኘሁ። የቅዳሜው ዘመቻ አንድ ቦታ ብቻ ስቶ ነበር፤ በአጥሩ በርና በግንቡ መካከል አንዲት ሸረሪት ክብ ድሯን ዘርግታ፣ ድሩም ጤዛ አዝሎ ቁልቁል ረግቧል። በዚህ ወቅት እንስቷ ሸረሪት ስትበላ ከርማ ሆዷ አተር ያህል ስለሚሆን ለዓይን ታስታውቃለች። ድሩ ሲያረጅም አትጥለውም፤ ጠቅልላ ትበላውና ከእርሱ ባገኘችው ኃይል አዲሱን ትሠራለች። ሰባት ዓመት የሞላው የጎረቤቴ ልጅ ይህን ከማንም ሳይማር ደርሶበታል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፍንጫው ድሩን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆሟል።

«አባዬ፣ ና እይ! ክሩን እየበላችው ነው!»

«በል ተው ልጄ፣ ቶሎ ግባ» አሉ ጎረቤቴ የመኪናውን ሞተር እያስነሡ። «ተፈጥሮ ልናይ ነው የምንሄደው፤ እንዳይረፍድብን።»

ልጁ ገባ፤ በሩ ተከፈተ፤ መኪናው ሲወጣ ድሩ ተበጥሶ በፊተኛው መስታወት ላይ ተለጠፈ። ጎረቤቴ ውሃ ረጭተው በመጥረጊያው ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ አሉት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወለል ብሎ ታየን።

በመንገድ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል የመኪና ሰልፍ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሰው ሁሉ ያን ዕለት ተፈጥሮ ስለናፈቀው አስፋልቱ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ «ደረስን ወይ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ እኔ ሳላስበው አንዲት ወፍ ትዝ አለችኝ። በ2022 እ.ኤ.አ. ዕድሜዋ ገና አምስት ወር ገደማ የሆነች፣ ምንቃረ ረጅም የባሕር ጠረፍ ወፍ ከአላስካ ተነሥታ አውስትራሊያ ውስጥ እስካለችው ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር ያህል በርራለች፤ በ11 ቀን ጉዞዋ አንድም ጊዜ አላረፈችም፣ አልበላችም፣ አልጠጣችምም። ይህን ለጎረቤቴ ባጫውታቸው መሪውን በጣታቸው እየመቱ «ለእሷ ምን አለባት፤ ሰልፍ የለባት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሐይቁ ዳር እንደደረስን የመጀመሪያው ሥራ ድምፅ ማጉያውን መክፈት ነበር፤ ጸጥታ ሰውን ያስፈራል፣ ልጆችንም ያስለቅሳል። ከእኛ በስተቀኝ ያለው ቤተሰብ በትሕትና የራሱን ከፈተ፤ በስተግራ ያለውም እንዳይቀርበት ጨመረበት። አበው ቅጥ ያጣ ግርግርን «የጨረባ ተዝካር» ይሉታል። እኔ ግን ቀና ብዬ ባይ እውነተኞቹ ጨረባዎች በመብራት ሽቦው ላይ በመቶ ተሰልፈው፣ ጭራቸውን ወደ ኋላ ሹል አድርገው፣ ጨዋ እንግዳ መስለው ተቀምጠዋል። የቤት ጣሪያ ሥር የምትሠራው ጨረባ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ከእነርሱ ወገን አውሮፓ የበጋችው በእነዚህ ሳምንታት ተነሥታ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ደቡብ አፍሪካ ትገባለች። ለመንገዱ የሚሰናዱት ትንኝ በመልቀምና ሽቦ ላይ በመሰብሰብ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ለግማሽ ቀን ከያዝነው ሻንጣ ጋር ሲተያይ ዝግጅታቸው ግድ የለሽ ይመስላል። በዚያ ሐይቅ ዳር ተዝካሩ የእኛ መሆኑን ለጨረባዎቹ መመስከር እወዳለሁ።

ዳክዬዎቹም የቤተሰቡን ቸርነት ቀምሰዋል። ብዙ ወንድ ዳክዬ በበጋው ማብቂያ ገደማ ያን የሚያብረቀርቅ ላባውን ጥሎ እንስቷን መስሎ ይታያል፤ የክንፉን ላባም በአንድ ጊዜ ስለሚያራግፍ ለሦስትና ለአራት ሳምንት መብረር አይችልም። በመሆኑም ዳቦ ሲወረወርበት ተነሥቶ መሄድ የማይችል፣ እጅግ የተመቸ እንግዳ ይሆናል። ዳቦ ሆዱን ከመሙላት በቀር እምብዛም አይገነባውም፤ የተረፈውም ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል። ነገር ግን ሰጪው የሚያገኘው ደስታ ሙሉ ስለሆነ ሒሳቡ አይጎድልም።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ ያለ እርሱ ይህ ውዳሴ ጎዶሎ ነው። ጎረቤቴ ያን ዕለት ከ300 በላይ ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ ሐይቁን በስልክ፣ ዳክዬውን በስልክ፣ ልጆቻቸውን በስልክ አይተው፣ በዓይናቸው ያዩት ነገር ቢኖር የባትሪውን መጠን ነው። ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሙዚየም ጎብኝተው ዕቃዎቹን ሙሉ በሙሉ ፎቶ ያነሡ ሰዎች፣ ያነሷቸውን ዕቃዎች እንዲሁ ከተመለከቷቸው ያነሰ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሞኞች ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ብልሆቹ ግን የነገሩን ጥቅም አልሳቱም፤ ያየውን የማያስታውስ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሐይቅ እንደ አዲስ ማየት ስለሚችል አንድ ሐይቅ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል።

ልጁ ስልክ ስለሌለው ጊዜውን በከንቱ አሳለፈ። ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ጨረባ ከሽቦው ተወርውራ ወረደችና፣ ክንፏን ሳታጥፍ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈች፣ የታችኛውን ምንቃሯን ነከር አድርጋ ጠጣችና አለፈች። ውሃው ላይ የቀረው መርፌ የጫረው የሚመስል ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። «ሳትቆም ጠጣች!» ብሎ ዞረ። በዚያች ቅጽበት አባቱ ፊቱን ወደ እሳቸው ስላዞረላቸው ደስ ብሏቸው አነሡት።

ማታ ተመልሰን ደጃፋቸው ላይ አረፍ አልን። ከሞተሩ እንዴት እንዳመለጠ እንጃ፣ አንድ ወንድ ፌንጣ ከደረጃው ሥር ይጮኻል። ልጁ ሲቆጥር ሰምቼ አንድ ነገር ነገርኩት፤ አሞስ ዶልቤር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1897 እ.ኤ.አ. የፌንጣ ጩኸት ከሙቀቱ ጋር እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ በቀመር አስቀምጦ ነበር፤ ከዚያ በወጣው ዘዴ በ14 ሰከንድ ውስጥ የተሰማውን ጩኸት ቆጥሮ 40 ቢደምሩበት ሙቀቱ በፋራናይት ይገኛል። ዘዴው ለሁሉም የፌንጣ ዓይነት እኩል አይሠራም፤ ልጁ ግን 24 ቆጥሮ «64!» አለ። ጎረቤቴ ስልካቸውን አይተው የሙቀቱን መጠን ከነነገው ትንበያ አነበቡልን፤ ፌንጣውንም ነገ ከሥራ ሲመለሱ መድኃኒት እንደሚነፉበት አከሉልን።

ከዚያም የዕለቱን ፎቶዎች እያሳለፉ አሳዩን። ከሁሉም ያማረው ልጁ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ፣ አፉን በአድናቆት ከፍቶ የተነሣው ነበር። ጎረቤቴ ምስሉን አቅርበው ቅንድባቸውን አኮማተሩ፤ ከልጁ ትከሻ በላይ፣ ውሃው ፊት ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ነበረች።

«አባዬ፣ እሷ እኮ ናት! ጨረባዋ!»

«ቆይ፣ አሁን ትጠፋለች» አሉ፤ በጣታቸው ከበቧትና ጫን አሉ። ምስሉ ለአፍታ ብልጭ አለና ተረጋጋ። ስልኩን አዙረው አሳዩኝ፤ ውሃው እንደ ግቢያቸው ሣር ለጥ ብሎ አንድም ነገር አይታይበትም ነበር።