የሦስት ሰው ሒሳብ

የሐዋሳ ሰዎች ሆይ፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፒያሳ፣ ወደ አቶቴ የሚሄዱ ባጃጆች በሚቆሙበት ቦታ የሆነውን ልንገራችሁ። ከእናንተ ብዙዎች ነበራችሁ፤ እኔም ነበርሁ።

አንዲት እናት አሥር ዓመት የሚሆነውን ልጇን በዊልቸር አስቀምጣ ቆማለች። የልጁ እግሮች አይታዘዙለትም፤ እጆቹም ይንቀጠቀጣሉ። የመጀመሪያው ባጃጅ ዊልቸሩን ሲያይ ፍጥነቱን ጨመረ። ሁለተኛው «ይሄ ነገር ወንበሬን ይቀድብኛል» ብሎ አለፈ። ሦስተኛው «ኮንትራት ከሆነ እሺ» አላት። አራተኛው፣ እኔ የተሳፈርሁበት፣ የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቃት። እርሷም ዊልቸሩን አጥፋ ልጇን ታቅፋ እንደምትቀመጥ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ግን እንደምትከፍል በትሕትና አስረዳችው። ከኋላ የተቀመጥነው ሁለት ሰዎች ጠጋ ብንል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ማንም አልተነቃነቀም። አጠገቤ ያለው «ኧረ ረፈደብን!» አለ።

እኔ ያደረግሁትን ደግሞ ስሙ። አሥር ብር አውጥቼ የልጁ ጭን ላይ ጣል አደረግሁና «እግዚአብሔር ይማርህ» አልሁት። እናቱ ብሩን አንሥታ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከፍለን ነው የምንሄደው» አለችኝ። ባጃጁም እኔን ይዞ ሄደ፤ እነርሱ ቀሩ።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 የአካል ጉዳተኞችን ስለ መርዳት ምን እንደሚል፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር አድልዎን እንደሚከለክል፣ የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚገቡ ሰዎች እንዲመቹ እንደሚያዝ ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ። ያን ዕለት ግን ወገቤን አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ አቃተኝ።

በሳምንቱ እዚያው ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን ያማጠችው በገጠር፣ በቤቷ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት መኪና ቢፈለግ አልተገኘም። ሕፃኑ ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም፤ አየር ያጠረው አእምሮው በዚያው ተጎዳ። ወደ ከተማ ከመጡ በኋላ ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ልጁን የሚይዝላት ስታጣ ንግዱን ተወች። የባሏ የቀን ሥራ ገቢ ለኮንትራት ባጃጅ አልበቃ ሲል፣ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ወደ አንድ፣ ከዚያም በወር ወደ አንድ ወረደ። የልጁም ጉልበት እየደረቀ ሄደ። ታላቅ እኅቱ ወንድሟን ለመጠበቅ ስትል ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች።

እንግዲህ ይህን ቤት ያደኸየው የልጁ እግር ነው ትሉኛላችሁን? አማርትያ ሴን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ የአካል ጉዳተኛ ገቢ ለማግኘት ከመቸገሩም በላይ፣ ያገኘው ገንዘብ ራሱ ለሌላው ሰው የሚያስገኘውን ያህል ኑሮ አያስገኝለትም ይላል። ይህን ለመረዳት የሐዋሳ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ አንድ መንገድ ለእኔ የአንድ ሰው፣ ለእርሷ የሦስት ሰው ሒሳብ ሲሆን ቆሞ ማየት ይበቃል። በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ገደማ የአካል ጉዳተኞች አሉ፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት የእኛን ጨምሮ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድህነት ጉዳቱን ይወልዳል፤ ጉዳቱም መልሶ ድህነትን። እኛ ደግሞ በመካከል ቆመን ሒሳብ እንቀበላለን፤ ኅሊናችን ሲያመንም «የእግዜር ቁጣ ነው» እንላለን፤ እግዜርን ያን ያህል ደፍረን።

ወገኖቼ፣ መዋጮ አልጠየቅኋችሁም። ምጽዋትስ አላነሰንም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ እጃችን ይዘረጋል። ያነሰን ጠጋ ማለት ነው። ባለባጃጆች፣ ነዳጅ መወደዱን፣ ለባለቤት የቀን ገቢ እንደምታስገቡም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቁርሳችሁን ከዚያች ሴት ኪስ አታውጡት።

ስንቱ እንደሚሰማኝ እንጃ፤ እኔም ለራሴ ቃል ሰጥቼ ማፍረስ ልማዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን እዚያው ቦታ አንድ ልጅ እግር የባጃጅ ሾፌር ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ በገመድ ሲያስረው አየሁ። እናቲቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ስትሰጠው ጥቂት አመነታና ከፊሉን መለሰላት። ሙሉውን አልተወላትም፤ ገመዱን ግን ሁለት ጊዜ ፈትሾ ነው የተነሣው።