ወገኖቼ፣ የማሕፀን ሕመም ነውር አይደለም

በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ የማትነሳ ልጅ እያለቻችሁ «ስትወልጂ ይተውሻል» የምትሉ እናቶች፣ ይህን ምክር ተዉት። ሚስቱ ደም እየፈሰሳት ፊቷ ሲገረጣ እያየ «የሴት ነገር ነው» ብሎ የሚያልፍ ባልም ይተው። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ በሰው ፊት ሲያቃስት አይዞህ የምንል ሰዎች፣ ማሕፀኗን የታመመችውን ግን ራሷን እንዳመማት አስመስላ እንድትናገር አድርገናታል። የዚህን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት፤ አንዳንዴም በሕይወቷ።

ከሕመሙ ልጀምር። በወር አበባ ጊዜ ማሕፀን ውስጠኛ ሽፋኑን ለማስወጣት ይኮማተራል፤ የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ቁርጠት የሚጠበቅ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ስለሚቀንሱ፣ ቁርጠቱ ከበረታ በኋላ ሳይሆን ገና ሲጀምር ቢወሰዱ የተሻለ ይረዳሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት ግን ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ። ማስታገሻ ወስዳም ከትምህርት ወይም ከሥራ የምትቀር ከሆነ፣ ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሰገራ ስትወጣ የሚወጋት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል። ይህ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ፣ እንቁላል በሚያመነጨው በእንቁልጢ ላይ፣ በማሕፀን ቱቦ ወይም በአንጀት አካባቢ የሚበቅልበት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች 10 በመቶውን፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን ይይዛል። ሕመሙ ከጀመረ አንስቶ በሽታው እስኪታወቅ ብዙ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሕመሙን «የተለመደ ነው» የምንለው በዙሪያቸው ያለነው ሰዎች ነን። መውለድ መድኃኒቱ አይደለም። ፈጽሞ የሚነቅለው ሕክምና እስካሁን ባይገኝም፣ በሆርሞን መድኃኒቶችና በቀዶ ሕክምና ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል።

እስቲ ስለ ደሙም በግልጽ እንነጋገር። ጤነኛ የወር አበባ በአብዛኛው ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀንም ይቆያል። ለተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሞዴስ የምታርስ፣ ሌሊት ለመቀየር ከእንቅልፏ የምትነሳ፣ ትልልቅ የረጋ ደም የሚወርዳት ወይም ከሳምንት በላይ የሚፈሳት ሴት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። እህቶቼ፣ «የእኔ ተፈጥሮ ነው» አትበሉ። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ብርድ ብርድ ቢላችሁ፣ ጠዋት ከእንቅልፋችሁ ደክማችሁ ብትነሱ፣ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ብረት አልቆ የመጣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። የብረት እንክብል ይሰጣችኋል፤ ግን በእንክብሉ ብቻ ረክታችሁ አትመለሱ። ደሙ ለምን በዛ? ብላችሁ ጠይቁ። የታይሮይድ መዛባት፣ የደም አለመርጋት ችግር ወይም የማሕፀን እጢ ሊሆን ይችላል።

የማሕፀን እጢ፣ ማለትም ማዮማ፣ ሲባል ብዙዎች ካንሰር ይመስላቸውና በድንጋጤ ምርመራ ያቆማሉ። ስሙ ካስፈራችሁ ይህን ያዙ፦ እጢው እጅግ የተለመደ ነው፤ እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ አብዛኞቹ ሴቶች ያበቅሉታል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የማያስቸግር እጢ ክትትል ብቻ ሊበቃው ይችላል። ደም የሚያበዛውም ቢሆን በመድኃኒት፣ ማሕፀን ውስጥ በሚቀመጥ ሆርሞን ባለው ትንሽ መሣሪያ (ሉፕ)፣ እጢውን ብቻ በማውጣት ወይም ማሕፀኑን በማውጣት ይታከማል። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው በእጢው መጠንና ቦታ፣ በዕድሜና ልጅ በመፈለግ ነው። መውለድ የምትፈልግ ሴት ማሕፀኗ ይውጣ ከተባለች፣ ከመፈረሟ በፊት ሌላ ሐኪም የማማከር መብት አላት። ባል ወይም ቤተሰብ በእሷ ፈንታ አይወስን።

ያረጠች ሴት፣ ማለትም የወር አበባዋ ከቆመ 12 ወር የሞላት፣ እንደገና ጠብታ ደም እንኳ ብታይ ሳትዘገይ ትመርመር። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግን የማሕፀን ካንሰር ከሆነ ቀድሞ የሚጠቁመው ይኸው ደም ነው። «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብላችሁ የምትስቁ እናቶች፣ እባካችሁ አትሳቁበት።

ስለ ፈሳሽ ደግሞ የምወቅሳችሁ አጥብቄ ነው። ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ፣ የማይሸትና የማያሳክክ ፈሳሽ ጤና ነው። የሴት ብልት ውስጠኛው ክፍል ራሱን ያጸዳል፤ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ ጎጂዎቹን ያርቃሉ። በሳሙና፣ በሽቶና በኬሚካል ወደ ውስጥ የምትታጠብ ሴት እነዚህን ጠባቂዎቿን ታጥባ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሽታ ለማጥፋት ደግሞ የባሰ ትታጠባለች። ከውጭ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ የባክቴሪያ መዛባትን፣ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ፈሳሽ ከማሳከክ ጋር ፈንገስን፣ ቢጫማ ወይም አረንጓዴ አረፋማ ፈሳሽ ደግሞ ትሪኮሞናስ የተባለውን በግንኙነት የሚተላለፍ ተውሳክ ሊያመለክት ይችላል። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው። ጓደኛችሁን ያዳናት መድኃኒት እናንተን ሊጎዳ ይችላል፤ ያለ ምርመራ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ራሱ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ምንም ምልክት የማያሳየው ነው። በግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ማሕፀንና ወደ ቱቦዎቹ ይወጣሉ፤ ቱቦውን አቁስለው ጠባሳ ይተዉበታል። መካንነትና ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ከዚህ ይመጣሉ። ወንዶች፣ እዚህ ላይ የምናገረው ለእናንተ ነው። ሚስትህ ታክማ አንተ ካልታከምክ በሽታውን መልሰህ ትሰጣታለህ። ሁለታችሁም ታከሙ፤ ሕክምናው አልቆ ሐኪም የነገራችሁ ጊዜ እስኪሞላ ግንኙነት አይኑር። «እኔን አላመመኝም» ማለት ከበሽታው ነፃ መሆንን አያሳይም።

መካንነትን ካነሳን አይቀር፣ በዚህ ነገር የሠራነው ግፍ ብዙ ነው። ልጅ ሲዘገይ ጣታችን ወደ ሴቷ ይቀሰራል፤ ትመረመራለች፣ ትሰደባለች፣ ትፈታለች፤ ባልየው ግን አንድ ጊዜ እንኳ የዘር ፈሳሹን አላስመረመረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ ዘመን መካንነት ይገጥመዋል። ከጥንዶቹ ግማሽ ያህሉ ጋ ደግሞ ችግሩ በወንዱ ብቻ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። የወንዱ ምርመራ ርካሽ ነው፣ አይወጋም፣ አይቆርጥም። አንድ ዓመት ሳትከላከሉ ሞክራችሁ ካልተፀነሰ፣ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ በስድስት ወር፣ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ሂዱ።

የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ጠጉር የሚበቅልባት፣ ብጉር የማይለቃት ወጣት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተባለው የሆርሞን መዛባት ሊኖርባት ይችላል። ከመቶ ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑትን የሚይዝ ሲሆን፣ አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም። ጠጉሯ ላይ አትቀልዱ። ለብዙ ወር ሳይመጣ የሚቀር የወር አበባ የማሕፀንን ሽፋን እያወፈረ አደጋ ስለሚያመጣ፣ በሽታውም ለስኳር ስለሚያጋልጥ፣ ልጅ ባትፈልግም ክትትል ያስፈልጋታል። ልጅ ስትፈልግ ደግሞ እንቁላል እንዲወጣ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ መካን ነሽ ተብሎ አይፈረድባት።

በጣም የሚያንገበግበኝ የማሕፀን በር ካንሰር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 350 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች በዓለም ላይ በዚህ ሞተዋል፤ ከካንሰሮች ሁሉ መከላከል ከሚቻሉት አንዱ ሆኖ ሳለ! የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐራልድ ጹር ሐውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ክትባቱም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዋናዎቹ ተከታቢዎች ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ናቸው፤ ከግንኙነት በፊት ሲሰጥ ነው በደንብ የሚከላከለው። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። «ልጄን ለብልግና ያዘጋጅብኛል» የምትል እናት፣ ልጇን ከካንሰር ጋር እያቀራረበቻት መሆኑን ትወቅ።

የተከተበችም ያልተከተበችም ከ30 ዓመቷ ጀምሮ ትመርመር፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ከ25 ጀምሮ። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ቫይረሱ ያበላሻቸው የማሕፀን በር ሕዋሳት ወደ ካንሰር እስኪለወጡ በጤናማ ሰውነት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ያን ሁሉ ዓመት ቁስሉን አግኝቶ ማጥፋት ይቻላል። ከግንኙነት በኋላ ደም እስኪታይ መጠበቅ ግን ያንን ዕድል ማባከን ነው።

የጤና ባለሙያዎችም ከወቀሳው አትወጡም። ያላገባችን ልጅ በወረፋ ፊት «ባል አለሽ?» ብላችሁ የምትጮኹባት፣ በሩ ሳይዘጋ የምትመረምሯት፣ የምታደርጉትን ሳትነግሯት መሣሪያ የምታስገቡባት፣ ያቺ ልጅ ሁለተኛ አትመጣም። ስትመጣ በሽታው ከእጃችሁ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙ። የወር አበባዋ ቀርቶ በአንድ በኩል ሆዷን የሚወጋት፣ የሚያዞራት ወይም ትከሻዋን የሚያማት ሴት ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ሊኖርባት ይችላል፤ ቱቦው ከፈነዳ ውስጥ ለውስጥ ደም ፈስሶ ልትሞት ትችላለች። ድንገት በአንድ ጎን ከባድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ እንቁልጢዋ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተፈታ ይሞታል። ትኩሳት ከሆድ በታች ሕመም ጋር፣ ወይም በሰዓት ሞዴስ እያራሰ ራስ የሚያስት ደምም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ጊዜ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አታስተኟት፣ ይነጋል አትበሉ፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።