ክብር ለርካሽ ትኬት አርበኞች

በአሜሪካ ምድር እንደኛ ሰው ደፋር መንገደኛ የለም። ከሁሉ የረከሰውን ትኬት ይቆርጣል፣ ካውንተር ላይ ግን እንደ ፈርስት ክላስ ደንበኛ ይከራከራል። ምን ዓይነት ወኔ ነው! ትኬቱን ሲቆርጥ ስክሪኑ ደጋግሞ ጠይቆታል። «ይህ ትኬት አይቀየርም፣ ገብቶሃል?» ገብቶኛል ብሎ ተጫነ። «መቀመጫ አትመርጥም።» ችግር የለም። «መጨረሻ ላይ ነው የምትሳፈረው፣ እርግጠኛ ነህ?» በጣም! የገዛ ሚስቱ እንኳ ለሠርጓ ይህን ያህል ቃል አላስገባችውም።

ይህ ትኬት ቤዚክ ኢኮኖሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዴልታ አየር መንገድ ጀመረው፣ በ2017 ዩናይትድና አሜሪካን የተባሉት አየር መንገዶች ተከተሉ። ሁለት ሻንጣ በነፃ ሲጭንልን የኖረው ደጉ ሳውዝዌስት እንኳ በ2025 ጨክኖ ቤዚክ ይዞ መጣ። ከአብዛኛው ትኬትም የነፃ ሻንጣውን አነሳ። ሐሳባቸው ግልጽ ነው። ዋጋውን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ መቀመጫውንም፣ ቀን መቀየሩንም፣ ዩናይትድ ላይ ደግሞ በሀገር ውስጥ በረራ ከላይ የሚቀመጠውን ሻንጣ ሳይቀር መቀነስ።

ያልገባቸው የኛ ሰው ነው። የኛ ሰው ትኬት ይገዛል እንጂ ደንብ አይገዛውም። የእጅ ሻንጣ ተከለከለ? ጃኬት ይለበሳል። በጃኬቱ ላይ ሌላ ጃኬት፣ በጁላይ ሙቀት። ከኪሶቹ አንዱ በርበሬ ይዟል።

ይህ ጀግንነት ጎልቶ የሚታየው በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን፣ የሀበሻ የእግር ኳስ ዝግጅት ባለቀ ማግስት ነው። ጠዋት አየር ማረፊያው በሰንደቅ ዓላማ ማሊያና በጥቁር መነጽር ይሞላል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ የማታው በረራ ላይ አድርጉን። ካውንተሩ ላይ የቆመችው ልጅ የሀገር ልጅ ከሆነች ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

«የሀገር ልጅ ነሽ አይደል፣ የኔ እህት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው የማታው ላይ አድርጊኝ።»

«ቤዚክ ነው የቆረጡት ጋሼ። ሲስተሙ አይፈቅድልኝም።»

«ሲስተሙን ተይው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

እሷ ምን ትበል? እሱ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቃል። ሰፈሯን፣ አባቷን፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት። ከኋላ የተሰለፉት ፈረንጆች ሰዓታቸውን ያያሉ። እነሱ ምን ያውቃሉ! ዘመድ ሳይቆጠር ትኬት የሚቀየርበት ሀገር የእነሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር መረጃም አያጥርበትም። ኦገስት 2020 ላይ ዩናይትድ የ200 ዶላሩን የመቀየሪያ ክፍያ በሀገር ውስጥ በረራ ሲያስቀር፣ ዴልታና አሜሪካን ወዲያው ሲከተሉ፣ ዜናው በቫይበርም በቴሌግራምም ደርሶታል። የዜናውን ግማሽ ነው የሰማው፣ ግማሹ ይበቃዋል። ቤዚክ እዚያ ድግስ ላይ አልተጠራም። ለተጠሩትም ቢሆን የተነሳው የመቀየሪያ ቅጣቱ እንጂ በአሮጌውና በአዲሱ ትኬት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ግን ማንም በቫይበር አልላከለትም።

የዚያው ቀን ለውጥ የሚባለውማ የሊቃውንት ጉባኤ ይጠይቃል። ደንቡ በየአየር መንገዱ ይለያያል፣ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ከዚያው ከተማ ወደዚያው ከተማ፣ በዚያው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊበሩ 24 ሰዓት ሲቀር የሚጠየቅ። አንደኛው ዓይነት የተረጋገጠ ነው፤ ይከፈልበታል ወይም እንደ ትኬቱ በነፃ ይሰጣል፣ መቀመጫው ያንተ ይሆናል። ሌላው ስታንድባይ ነው፤ ባዶ መቀመጫ ከተገኘ ብሎ ተመዝግቦ መጠበቅ። እዚህ የሚሰጥህ ተስፋ ብቻ ነው። የኛ ሰው ታዲያ ሁለቱን አይለያቸውም። ስታንድባይ ተመዝግቦ «ቀየርኩት እኮ!» ብሎ ቤት ይደውላል፣ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ከሥራ አስፈቅዶ ይወጣል።

ከዚያ ስክሪኑ ሥር ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ከአባት ስም ሦስት ፊደል፣ ከራስ ስም አንድ ፊደል ይወጣል። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ተስፋዬም፣ ተሰማም፣ ተሾመም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላቸው አንድ ነው። ሠራተኛዋ አንዱን ስትጠራ ሦስት የአገር ልጆች እኩል ብድግ ይላሉ። እንዲህ ዓይነት አንድነት በሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ባርኔጣ የማነሣላቸው ግን የእኩለ ሌሊት መንገደኞች ናቸው። ትኬቱ ጁላይ 7፣ 12:30 ኤኤም ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ይህ 6ኛው ቀን መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ነው። ወገናችን በ7ኛው ማታ፣ እራቱን በልቶ፣ ቡናውን ሦስተኛ አድርሶ፣ ተረጋግቶ ይመጣል። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖታል። እኔ ፈራጅ ብሆን ለሱ ነው የምፈርድለት። በእኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። መነኩሴ ይመስል በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ «ነጋ» የሚለው አየር መንገዱ ነው። እና «የዚያው ቀን ለውጥ» ቢጠይቅ ምን አጠፋ? ለሱ እኮ አሁንም ያው ቀን ነው።

የመሄጃውን በረራ ትቶ በመልሱ የሚመጣውም አለ። «መሄጃውን ዘመድ በመኪና አደረሰኝ፣ መልሱ ግን የከፈልኩበት ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ያልበረረ ሰው የቀረው ጉዞ እንደሚሰረዝ ሲነገረው ፊቱ ላይ የሚወጣውን የፍትሕ ጥማት ማየት ነው። ለአየር መንገዶቹ እንጀራውን ሳይነካ ወጡን የጠየቀ መስሎ ይታያቸዋል። እሱ ደግሞ የከፈለው ለሁለቱም ነው። እዚህ ላይ እንኳ፣ ሳልደብቅ፣ ትንሽ እውነት አለው።

የአሜሪካ መንግሥት ሞኝነት ያሳዝናል። በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተቆረጠ ትኬት፣ ቤዚክም ቢሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለቅጣት ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። አየር መንገዱ ያለክፍያ አስይዞ የሚያቆይ ካልሆነ በቀር ይህ ግዴታው ነው። 24 ሰዓት! ለማን ነው ያሰቡት? ትኬቱን የቆረጠው የእህቱ ልጅ ነው። ኢሜይሉም የልጁ ነው። ወገናችን ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያየው ካውንተሩ ጋ ሆኖ፣ ልጁን በስፒከር ደውሎ፣ «ምንድን ነው የገዛህልኝ?» ሲል ነው።

«ርካሹን ቁረጥልኝ ብለኸኝ ነው እኮ አጎቴ።»

«ርካሽ አልኩ እንጂ ቤዚክ አልኩህ?»

በሚቀጥለው ጁላይ፣ ከዋንጫው ጨዋታ በፊት፣ ለእነዚህ ሰዎች ሜዳው ላይ ሽልማት ይሰጥልኝ። የደርሶ መልስ ትኬት ይሁን። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ብቻ አትንገሯቸው።